በረጋ መንፈስ የወደቀው ግድግዳ

ለተከበሩ የመንደራችን ቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ወንበርዎና ከራስዎ በላይ ያለው ጣሪያ በደኅና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በጽሕፈት ቤትዎ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ የባለጉዳዩን ንግግር ለጆሮዎ እንዲመጥን የማሳምር ማመልከቻ ጸሐፊ ስሆን፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንጀራ ስላበሉኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1. ልብስ አጣቢዋ ጎረቤቴ መስኮትዎ ድረስ መጥታ «ጌታዬ፣ ግድግዳው ሊወድቅብን ነው፤ እናቴ ከሥሩ ነው የምትተኛው» ባለች ጊዜ፣ ጸሐፊዎ እንዲህ ያለው አነጋገር ለገበያ እንጂ ለቢሮ እንደማይሆን አስረድተው በጽሑፍ እንድታመጣ ስለመለሷት እናመሰግናለን። ተከራይ ያለ ፈቃድ ግድግዳ እንዳይነካ የሚከለክለውን ደንብዎን ባትፈራ ኖሮ፣ የዚያኑ ቀን በባላ ትደግፈው ነበር።

2. የጻፍኩላት የመጀመሪያው ማመልከቻ «ክቡርነትዎ» የሚለው ስለጎደለው ተመለሰ፤ ሁለተኛው «ድረሱልን» ማለቱ ትእዛዝ ይመስላል ተብሎ ተመለሰ። እሷ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነብኝ ብላ ስታማርር እኔ ገሠጽኳት። ሦስተኛውንማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮራሁበት፤ «ግድግዳው የመዝመም አዝማሚያ በማሳየት ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ አመቺ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ይታይልን ዘንድ» ይል ነበር። መልስዎም በዘጠነኛው ቀን ደረሰን፤ አቤቱታው በረጋ መንፈስ የተጻፈ ስለሆነ አስቸኳይ ሆኖ አልተገኘም ይላል።

3. በዚያው ሳምንት የላይኛው ሰፈር እመቤት ለሰላምታ እንኳ ጊዜ ሳያባክኑ ደውለው «የግቢው በር ሲጢጥ ይላል፤ ሰው ላኩ» ማለታቸውንና ከምሳ በፊት ከጽሕፈት ቤትዎ ሁለት አናጢዎች መላካቸውን ስልኩን ያነሱት ጸሐፊዎ ራሳቸው በኩራት አጫውተውኛል። በአጭሩ መናገር የባለጌ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የባለጸጋ ነው።

ግድግዳው ግን ማንበብ ስለማይችል ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደቀ። እናቲቱ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ይነሱ አይነሱ ሐኪሙም አላወቀም። የልጃቸውን ጩኸት አሳምሬ አሳምሬ ድምፁን ያጠፋሁት እኔ ነኝና፣ ክቡር ሆይ፣ ጥፋቱን ለብቻዎ ልተውልዎ አልፈልግም፤ አፍሬያለሁ። ሌላው ምስጋና ግን ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው።

ከአጥርዎ ሥር ሆኜ፣ መስኮትዎ ይከፈት እንደሆን አንጋጥጬ እጅ የምነሳ፣
አሳማሪዎ የነበርኩት ማመልከቻ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቀሩት ሦስት ግድግዳዎች አንዱ ዘሟል፤ ልብስ አጣቢዋም መሄጃ ስለሌላት ዛሬም እዚያው ናት። አራተኛውን ማመልከቻ ከአፏ እንደወጣ፣ አንድ ፊደል ሳልነካ ጽፌ አያይዣለሁ፤ «ሊወድቅብኝ ነው» ይላል። ጸሐፊዎ «ክቡርነትዎ» የት አለ ብለው የሚመልሱት ከሆነ፣ በተመለሰው ሁለተኛው ማመልከቻ ላይ ስድስት ቦታ ጽፌዋለሁ፤ ከአሮጊቷ አልጋ ጋር ፍርስራሹ ሥር ስላለ፣ ሰው ልከው ያስወጡት።