ሁለት ጣት ስለዘመመው ታፔላ

ለክቡር አቶ ጃለታ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ይልቁንም በአራት ተከታታይ ስብሰባ የደከመው ጉሮሮዎ እንደምን ሰነበተ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ወንዙን እስካልተሻገርን ድረስ።

ቀጥዬ ከባድ ዜና ስለማረዳዎ ልብዎን አጽንተው ያድምጡኝ። ባለፈው ወር በድልድያችን አፍ ላይ በክብርና በጭብጨባ የተተከለው ታፔላ ወደ ግራ ሁለት ጣት ያህል ዘምሟል። ይህንኑ ሐሙስ ጠዋት ባጃጅ ተራ ላይ ለጎረቤቴ ለአብዱልረሂም በሹክሹክታ ብነግረው፣ ወሬው እስከ ቀትር አሶሳ ገበያ ደርሶ ሦስት ጣት ሆኖ ተመለሰልኝ። ሕዝቡ እንቅልፍ አጥቷል። እርስዎም እሑድ ጠዋት ከነኮሚቴዎ ውሃ ልክ ይዘው ሊመጡ መሆኑን ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል።

ጸሐፊው ታረቀኝ እባላለሁ። በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቼ እዚህ የሰፈርኩ፣ የስምንት ልጆች አያት ነኝ። አምባችን እንደ ሰፈራ መንደር ሁሉ የሚጠራው በቁጥር ቢሆንም ቁጥሩን ሆን ብዬ አልጻፍኩም፤ ከጻፍኩት ቁጥሩ ከላይ ይሁን ከታች ተብሎ ስብሰባ ይጠራልና።

እርስዎ በሚመጡበት ቀን መንገድዎን እንዳያባክኑ፣ አንዳንድ ጥቃቅን ነገሮችን ከታፔላው ሥር እንዳስቀምጥ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ታፔላው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ በሚለው ላይ እኔ ራሴ ለአረንጓዴው ግማሽ ሰዓት ተናግሬያለሁ፤ ልጄን ስድር እንኳ ያን ያህል አልተናገርኩም። በመጨረሻ ሰማያዊው አሸነፈ፤ ላዩም ላይ «ከአምስት ቶን በላይ ማለፍ ክልክል ነው» ተብሎ ባማረ ፊደል ተጻፈ። ትእዛዝዎ በሚገባ ተከብሯል። እስከ ዛሬ አምስት ቶን የጫነ አንድም መኪና አላለፈም። ፍየልም አላለፈች። ከመግቢያው ሁለት እርምጃ ላይ ሦስት ሳንቃ የለማ!

ሁለተኛ፣ አብዱልረሂም ድልድዩን ዙሪያውን ካየ በኋላ፣ «ያ ታረቀኝ፣ ወላሂ ይሄ ድልድይ አይደለም፤ የተኛ መሰላል ነው» ብሎኛል። ስምዎን እንዳላጠፋ ብዬ ሳቄን በፎጣዬ አፈንኩት፤ ፎጣው ግን ቀጭን ነው።

ሦስተኛ፣ የልጅ ልጄ ሳሌም የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው። ባለፈው ሳምንት ለምርመራ ስንወስዳት ባለባጃጁ ኤጀታ ድልድዩ አፍ ላይ አቁሞ፣ «አባ፣ የኔ መንገድ እዚህ አለቀ» አለን። እኔ በቀኝ፣ አብዱልረሂም በግራ ያዝናትና ክፍተቱን ተራመደችው። ከማዶ ስትደርስ፣ «አባባ፣ እውነት እናንተ ናችሁ የያዛችሁኝ? እኔ ሁለት ሽማግሌ ያሻገርኩ ነው የመሰለኝ» ብላ አሳቀችን። እኔም ሳቅሁ። ጉልበቴ ግን ቤት እስክገባ ድረስ አልሳቀም። ያኔ ውሃው ቁርጭምጭሚት ነበር፤ አሁን ሰኔ እየተጋመሰ ነው። ሐምሌ ሲገባ ውሃው ከድልድዩ እኩል ይሆናል፤ ሕፃኑም ምጡን በአጀንዳ አያስይዝም።

ለምን ይሆን ይህን እያወቅን ስለ ቀለም የምንጮኸው እያልኩ ብዙ አሰብኩ። የደረስኩበት ይህ ነው፤ ስለ ቀለም የተናገረ ሰው ተጨብጭቦለት ይቀመጣል፤ ስለ ድልድይ የተናገረን ግን «እንግዲያው መዶሻ ያዝ» ይሉታል። እኔም ለአረንጓዴው ግማሽ ሰዓት ስናገር መዶሻዬን ቤት ትቼ ነበር። ስለዚህ ከወቀሳዬ ግማሹን ለራሴ ወስጃለሁ፤ የተረፈውን እርስዎ ከኮሚቴው ጋር ይካፈሉት።

አራተኛ፣ «ለድልድዩ የመጡት ሳንቃዎች ጠፉ» ብሎ የሚያማዎ ካለ ምስክርዎ እኔ ነኝ። አልጠፉም። በአራቱም ስብሰባ ተቀምጬባቸዋለሁ። በመጋቢት ሲመጡ ስለ ታፔላው ልንመክር ስንል በቀበሌው አዳራሽ መቀመጫ ቢጠፋ በድንጋይ ላይ አጋድመናቸው አግዳሚ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲያ የተነሣ የለም። የሦስተኛው ሚስማር ሱሪዬን ስለቀደደው፣ ሱሪዬ ሁለተኛ ምስክር ሆኖ ሊቀርብ ዝግጁ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ አንዲት ናት። እሑድ ጠዋት እኛ ደቦ የምንለውን፣ አብዱልረሂም ነፊር የሚለውን ጠርተናል። መዶሻው፣ ሚስማሩ፣ ጉልበቱ አለ፤ የሚበላው ማንጎም አለ። ሳንቃዎቹ ያሉበት የአዳራሹ ቁልፍ ግን ኪስዎ ውስጥ ነውና ከውሃ ልኩ ጋር ያውጡልን። አምስተኛውን ስብሰባ ቆመን እናደርገዋለን። ቆሞ የሚናገር ሰው ቶሎ እንደሚጨርስ የኔ ጉልበት ዋስ ነው።

ለአረንጓዴው የተሟገተ፣ በሰማያዊው ቂም ያልያዘ፣ ከእግርዎ ሥር ያለ፣ ውሃው ግን ወደ ጉልበቱ እየመጣ ያለ ታዛዥ ነዋሪዎ፤

ታረቀኝ፣ የሳሌም አያት

ግልባጭ፦
ለባጃጅ ተራ
ለመስጊዱ ደጃፍ
ለቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ

ሳልረሳው፦ ታፔላው አልዘመመም። ሁለቱን ጣት የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሦስተኛውን የጨመረው ገበያው ነው። ስለ ሳንቃው ሦስት ጊዜ አመልክቼ የሚሰማኝ ስላጣሁ፣ ስለ ጣት ቢሆን ይመጡ ይሆናል ብዬ ነው። ይኸው መጡ፤ እግዜር ይስጥልኝ። የሳንቃው፣ የሳሌምና የሱሪዬ ነገር ግን እንዳለ እውነት ነው። ዋናውን ደብዳቤ የለጠፍኩት በታፔላው ጀርባ ስለሆነ፣ አሁን ፊትዎን ወደ ታፔላው አዙረው ድልድዩ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። አንብበው ሲጨርሱ፣ ክቡር ሆይ፣ አደራዎን፣ አንድም እርምጃ ወደ ኋላ እንዳይሉ።