በሕይወት ሳለህ ለተለቀሰልህ ወንድሜ

ሙጬዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር ላረፈ ሰው አይባልም፤ ሳልጠይቅህ እንዳልፍ ደግሞ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ደህና ነህ ብዬ ወስጃለሁ። ካረፍክ እነሆ ዓመት ከመንፈቅ ሆነህ። እዚያ ያሳደግሃቸው ልጆች በደብዳቤያቸው «ክቡር አባታችን» ይሉሃል፤ ይበሉህ፣ ይገባሃል። እኔ ግን ጀርባዬ ላይ ሙጭጭ ብሎ አልወርድ እያለ ወገቤን የቆረጠውን ልጅ፣ ቄስ ሆነ አለቃ ሆነ ተብሎ «እርስዎ» ልለው አልችልም። አንዴ በሰው ፊት ሞክሬው «እታለም፣ አሞሻል እንዴ?» ብለህ አሳቅህብኝ። ከዚያ ወዲህ ተውኩት።

ቤቱ ደህና ነው። የርብ ወንዝ ዘንድሮም ሞልቶ እስከ አጥራችን ደርሶ ነበር፤ ሲመለስ ግን ለመሬቱ እርጥበቱን ትቶለት ሄደና እንዲህ ያለ ሽምብራ ከዓመታት ወዲህ አላየሁም። ቦራዋ ላም ጊደር ወልዳለች። ወረታ ከተማንማ ብታያት አታውቃትም፤ ሣር ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ሆኗል፣ አውቶቡሱም ከሐጂ እድሪስ ሱቅ ፊት ለፊት ይቆማል። ሐጂ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውን ብቻ ያማቸዋል። ከመኪና ስትወርድ መጀመሪያ ታርፍባት የነበረችውን ያችን በርጩማ ዛሬም ሌላ ሰው ሲቀመጥባት ደስ አይላቸውም።

ይህን የምጽፍልህ በየሺ ልጆች የተነሳ ነው። የልጄ ልጆች አድገውልሃል፤ ትልቋ ማንበብ ጀምራለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን እያዩ ይህ ጥቁር ቀሚስ የለበሰ ሰውዬ ማን ነው እያሉ ይነዘንዙኛል። የጎረቤት ልጅ ፈረንጅ ነው ብሏቸው አምነዋል፤ በል እንግዲህ! አንተ ጥቁረትህ ከእኔ የሚብሰው! ስለዚህ ለአንተም እንዲደርስ፣ እነሱም እንዲያነቡት ብዬ ከሥሩ ልጀምር። የምታውቀውን ስነግርህ ታገሠኝ።

የተወለድከው እዚሁ ነው፣ ዋልካው በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር በሚውጥበት በፎገራ ሜዳ። አባታችን ለጣራ ገዳም ተማሪ ቤት ሰጠህ። ድርቆሽ ቋጥሬ ዳገቱን ስወጣ ደጅ ቆመህ ትጠብቀኝ ነበር፤ ያመጣሁትን ዓይኔ እያየ ለጓደኞችህ ስታድል እናደድ ነበር። ድቁና ተቀበልክ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አገር ልይ አልክና ከይፋግ ነጋዴዎች ጋር ወደ አሥመራ መንገድ ጀመርክ። መንገድ ላይ ንዳድ ጣለህ። ነጋዴዎቹ ይህስ አይተርፍም ብለው ከካቶሊኮች ገዳም ደጅ አስተኝተውህ አለፉ። አባቶች አንሥተው ሦስት ወር አስታመሙህ።

በግቢው ውስጥ እናት አባት የሌላቸው ልጆች ነበሩ። ስትድን ውኃ ልቅዳላቸው አልክ፤ ቀጥለህ ፊደል ላስቆጥራቸው አልክ፤ በዚያው ቀረህ። ቅዳሴው በግዕዝ ነው፣ ጾሙም የእኛው ጾም ነው ብለህ ጽፈህልን ነበር፤ አባታችን ግን ደብዳቤውን ከሰማ በኋላ ስምህን ሳያነሣ ሞተ። በኋላ ቄስ ሆንክ፤ ከዚያም ያ ቤት ከነልጆቹ በእጅህ ተሰጥቶህ አለቃ ተባልክ። ለምን እዚያ ቀረህ ብዬ ስሞግትህ መልስህ አንድ ነበር፤ ወድቄ ያነሡኝ እነሱ ናቸው ትለኛለህ። እኔም ሌላ ነገር ስጠብቅ እቀራለሁ።

አለቃ ማለት ምን እንደሆነ ልጆቹ እንዲገባቸው የምነግራቸው የወረንጦህን ነገር ነው። በየሁለት ዓመቱ ስትመጣ ከመስቀልህ ጎን ወረንጦ በክር አንጠልጥለህ ነበር። እሾህ የወጋው የሰፈር ልጅ ሁሉ እያነከሰ ይመጣል። ጎልማሳው ቆሞ እያየህ፣ አንተ መሬት ላይ ቁጭ ብለህ ጭቃ የለበሰ እግር ጭንህ ላይ አድርገህ ትፈልጋለህ። እዚያም እንዲሁ ነበርክ አሉ፤ ልጆቹ በልተው ሳይጠግቡ እጅህን አትታጠብም ነበር። እኔንም በስተርጅና ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ። «ሐ» እና «ኀ» ሲምታቱብኝ ትስቅብኝ ነበር፣ በጥፊ ልልህ ምንም አልቀረኝም። እግዜር ይስጥህ ሙጬ፣ ይኸው ዛሬ ማንንም ሳልለምን እጽፍልሃለሁ።

አገሩ ግን እንደ ልጆቹ አልነበረም። እዚህ እኛ ዘንድ ካቶሊክ ሲባል የሰው ፊት ይከብዳል፤ ከጥንት የመጣ ነው። ከኋላህ ጸረ ማርያም ይሉህ ነበር፤ አንተ የማርያምን ስም ሳትጠራ ውኃ እንኳ የማትጠጣውን። እኔም እሰማለሁ፣ ዝም እላለሁ። አሁን ለልጆቹ ነግሬያቸው የማላውቀውን ልናገር ነው።

የሺ ለትዳር ስትደርስ ከአንበሳሜ ወዲህ ካለ መንደር ሽማግሌ መጣ። የልጁ አባት መሪጌታ ይርዳው ናቸው፤ የተማሩ፣ የተከበሩ፣ ለሃይማኖታቸው ቀናኢ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ደግ ነገር ቤቴን አልረገጠም። የሺም ልጁን አይታው ወድዳዋለች፣ አልነገረችኝም እንጂ ያስታውቃል። እንደ ወጉ ዘር ተቆጠረ፤ እስከ ሰባት ቤት ስንወርድ ስንወጣ ዝምድና የለም። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ አንደኛው ሽማግሌ ስንት ወንድምና እኅት እንደሆንን ጠየቁኝ። ካቶሊክ ቄስ ወንድም አለኝ ብል መሪጌታ ልጃቸውን እንደማይሰጡን ታየኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ወንድሜ ሞቷል አልኳቸው። መቼ ቢሉኝ አሁን በክረምቱ አልኩ። እኔን አፈር ያርገኝ፣ የሞት ቀንህንም ቆረጥኩልህ!

ነፍስ ይማር ብለው ሄዱ። አለቀ ብዬ ነበር። በሳምንቱ ግን መሪጌታ መልእክት ላኩ፤ እንዲህ ያለ ኀዘን ደርሶባችሁ ሳናውቅ ስለ ሠርግ ማውራታችን ነውር ሆኖብናል፣ እሑድ ለቅሶ እንደርሳለን አሉ። ለቅሶ አትምጡ የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ? ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ እግር ስሜ ዝም በሉልኝ አልኩ። እሺ አሉኝ፤ ለየሺ ብለው እንጂ ለእኔስ ይቅርብሽ ባሉኝ።

ያን እሑድ ጧት አንተ መጣህ። ሐጂ እድሪስ ቤት አድረህ በእግርህ ሜዳውን አቋርጠህ፣ ወረንጦህን አንጠልጥለህ። የምትመጣው ለገና መስሎኝ ነበር። እግርህን እያጠብኩህ ሳለ የሺ እየሮጠች ገባችና ሰዎቹ እየመጡ ነው አለችኝ። ወጥቼ ባይ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው በበቅሎም በእግርም ሜዳውን ሞልቶታል። ምንም ሳላስረዳህ ጓዳ ግባልኝ፣ ድምፅህን እንዳታሰማ አልኩህ። እርጥብ እግርህን እንኳ ሳታብስ ገባህ።

ለቅሶው ተነሣ። ሴቶቹ ከበውኝ ወንድምሽ እንዴት ያለ ሰው ነበር አሉኝ። ምን ልበል? ያው አንተን አወራሁ። ድርቆሹን ለጓደኞቹ ያድል ነበር አልኩ፣ የሰው ልጅ እሾህ ይነቅል ነበር አልኩ። እያወራሁ እንባዬ መጣ፤ የውሸት አልነበረም ሙጬ። አንተ ከግድግዳው ወዲያ ቁጭ ብለህ እየሰማኸኝ፣ እኔ አጠገቤ ያለውን ወንድሜን እያለቀስኩ ነበር። ደረቴን መታሁ። ሰውም አብሮኝ አለቀሰ።

በመጨረሻ መሪጌታ አረጋጉኝና የክርስትና ስምህን ጠየቁኝ፤ ፍትሐት ላይ ስምህን ሊጠሩልህ። ያኔ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና፣ ቁርጥ እኔን መስለህ ወጣህ። አንዲቱ ሴትዮ ጮኻ እላዬ ላይ ወደቀች፤ ሁለቱ በበሩ እኩል ሊወጡ ሲሉ ተጣበቁ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ እያልኩ ነበር።

አንተ እጅ ነሥተህ መሪጌታ ፊት ቆምክ። ያልከውን አንድም ቃል አልረሳሁም፦ «አባቴ፣ ስሜን በሙታን ጸሎት አይጥሩት፤ በሕይወት አለሁ። እኅቴ የዋሸችው እኔ ካቶሊክ ቄስ ስለሆንኩ ፈርታ ነው። እኔን ይቀየሙ፣ ልጅቱን ግን በእኔ አይመዝኗት።»

መሪጌታ አንተን አላዩህም፤ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ። «ወንድምሽ ነው?» አሉኝ። የሺን አየኋት፣ ግድግዳ ተደግፋ ከንፈሯን ነክሳለች። አዎ ካልኩ የልጄ ትዳር በአፌ ሊፈርስ ነው። አይደለም ብል፣ አንተ ስትታማ ዝም ማለቴን ስለምታውቅ፣ ቀና ብለህ እንኳ ሳትታዘበኝ ትወጣልኝ ነበር። ማለት የቻልኩት «ወንድሜ ነው፤ በጀርባዬ ያሳደግሁት ወንድሜ ነው» ብቻ ነው። መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካክለው ያመጡትን ንፍሮ እንኳ ሳይቀምሱ ሰዎቻቸውን አስከትለው ወጡ።

ያን ሰሞን የሺ አላናገረችኝም። አንተንም ሰደብኩህ፤ ትንሽ ብትታገሥ ምን ነበረበት፣ ሄደው ቢሆን ኖሮ ትወጣ አልነበረም ወይ አልኩህ። የራሴን ነውር በአንተ ላይ ደፋሁት። አንተ ማገዶ ስትፈልጥልኝ ዋልክ። በስምንተኛው ቀን የመሪጌታ መልእክተኛ መጣ። ጸሎት ውሸት እንዳይሆን ብሎ የእኅቱ ልጅ ሠርግ ቢቀርም ይቅር ያለ ሰው ካለበት ቤት ልጅ መውሰድ አያስፈራኝም ብለዋል አለን። የሺ አንገትህ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ወደ ማጀት ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ሳላመሰግንህም ቀረሁ። ይኸው ዛሬ አመሰግንሃለሁ።

በጥር ሠርጉ ሆነ። ከካህናቱ ጋር ልቀመጥ አላልክም፣ ከሩቅም አልቆምክም፤ ቀሚስህን ሰብስበህ ከአሳላፊዎቹ ጋር ጠላ ስትቀዳ ዋልክ። የአለቃ ወጉ ይህ ነው ወይ ብዬ ስቆጣህ የእኔ ቤት ልጆችም አለቃቸውን ቢያጡ እዚሁ ማሰሮ አጠገብ ነው የሚፈልጉት ብለህ አሳቅኸኝ።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። በሕመም ማረፍህን የሚናገረው ደብዳቤ በሐጂ እድሪስ ሱቅ በኩል ሲመጣ ሐጂ ላንብብልሽ አላሉኝም፤ ማንበብ እንደምችል ያውቃሉ። በርጩማህ ላይ ቁጭ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ልጆቹ ዙሪያህን እንደነበሩ፣ በመጨረሻ የእኔን ስም እንደጠራህ ይላል። ሬሳህን አላየሁ፣ መቃብርህ ሩቅ ነው። ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር፤ አንዴ ዋሽቼ ሰው አስለቅሻለሁ፣ ዛሬ ወንድሜ ሞተ ብል ማን ያምነኛል? ማንስ ይመጣልኛል?

በማግስቱ ጧት መጀመሪያ የደረሱት መሪጌታ ይርዳው ናቸው። አርጅተዋል፤ ከበቅሎ በሰው ተደግፈው ወረዱ። ሳይቀመጡ፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ «ያን ጊዜ የጀመርነውን ለቅሶ ልንጨርስ መጣን» አሉኝ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሥርዓታቸው ስለማይፈቅድ በመቅደስ ሊጠሩህ እንደማይችሉ፣ በቤታቸው በሚጸልዩት ጸሎት ግን እስኪሞቱ እንደሚጠሩህ ነገሩኝና የክርስትና ስምህን ጠየቁኝ። ገብረ ማርያም ነው አልኳቸው። ሁለታችንም አለቀስን።

ሙጬዬ፣ ልጆቹ ይህን አንብበው እኔን ቢታዘቡኝ ይታዘቡኝ። ከእንግዲህ ሽማግሌ ይምጣ፣ መንገደኛ ይምጣ፣ ለእናትሽ ስንት ናችሁ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ሁለት ነን እላለሁ።

እኅትህ