ከኤቶሬ ጋር ስድስት ወር

ማርች 20
ጠዋት ፋርማሲ። የሳል ሽሮፕ አልቆብን ሰው ስመልስ አረፈድኩ። ከሰዓት በኋላ ምክር ቤት... ከኤፕሪል አንድ ጀምሮ ለስድስት ወር አገር የሚመሩት ሁለት ካፒቴኖች ተመረጡ። አንዷ እኔ። ሌላው ኤቶሬ።
አባቴ ፕሪሞ ድንጋይ ካባው ውስጥ አለት ተንዶበት የሞተ ቀን ፎርማኑ እሱ ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሰላም ተባብለን አናውቅም።

ኤፕሪል 1
ማልን። ሥልጣናችን እኩል ነው፤ አንዱ እምቢ ካለ የሌላው ፊርማ ዋጋ የለውም። ሰልፉ ላይ ጎን ለጎን መራመድ ግድ ነው። እሱ ያነክሳል። ቀስ አልኩለት... ለደንቡ ስል ነው።

ሜይ 12
ከሥራ ውጭ አንድ ቃል የለም። "እርስዎ ይቅደሙ።" "አይ፣ እርስዎ።"

ጁላይ 8
አባቴ የሞተበት፣ የተዘጋው ድንጋይ ካባ ይከፈት የሚለው ውሳኔ ቀረበ። አርባ ሰው ሥራ ያገኛል። እናቴ እንኳ ሰው ሠርቶ ይብላ ብላኛለች። ፈረምኩ። እሱ ብዕሩን አስቀመጠ። አልፈርምም አለ፤ ምክንያት አልሰጠም። በቃ፣ ቀረ።
ፓርቲው አዝዞት ነው? ወይስ በእኔ ላይ ቂም ይዟል? ቂም መያዝ የነበረብኝ እኔ አይደለሁም እንዴ?

ጁላይ 9
ዳቦ ሻጯ ፊቷን አዞረችብኝ። ባሏ ከአርባዎቹ አንዱ ነበር።

ጁላይ 11
ቢሮው ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ለእነዚያ ሰዎች ምክንያቱን መንገር አለብዎት አልኩት። 
"የላይኛው አለት ስንጥቅ አለው። ያኔም ነበረው። አባትሽ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው አይቼዋለሁ።"
ለምን አልተናገሩም አልኩ።
"ሥራው ይቆማል፣ እኔም እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ።"
ወጣሁ። ልመታው ነበር... በእግሬ ቤት ድረስ ይህንኑ ሳስብ መጣሁ። ግን ከሦስት ቀን በፊት የፈረመችው ማን ናት? እሱ ባያስቀረኝ አርባውን ሰው እዚያው አለት ሥር እሰድ ነበር።

ጁላይ 16
መሐንዲስ ላክን። ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ኤቶሬ ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ ስለ ስንጥቁ የዛሬውንም የያኔውንም አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ተነስቼ መውጣት እችል ነበር። ከጎኑ ቆየሁ።

ጁላይ 17
እናቴ ጋዜጣውን አንብባ አጠፈችው። 

ኦክቶበር 1
ለተተኪዎቻችን አስረከብን። ደረጃው ላይ፣ እናትሽ ጋ ልሂድ ወይ አለኝ። ይሂዱም አይሂዱም አላልኩትም። አብረን ሄድን።
እናቴ ተቀመጥ አላለችውም። ቆሞ ከመጀመሪያው ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።
"ፕሪሞ ብቻውን ነው የሞተው?"
"አይደለም። እጁን ይዤው ነበር። ስምሽን ጠራ።"
ይህን ሁሉ ዓመት ብቻውን እንደሞተ ነበር የምናስበው።... እናቴ ወንበር ሳበችለት።
"ተቀመጥ" አለችው። "ምን ብሎ ነው የጠራኝ?"