በአባታችን ድምፅ ውስጥ የተሸሸገው ቁጥር

ይድረስ ባሕር ማዶ፣ ማርሴይ ላለኸው ለታናሽ ወንድሜ ለማህረዝ። የአላህ ሰላምና በረከት በአንተና በቤትህ ላይ ይሁን። ጤናህ እንደምን ነው? ጉልበትህን የሚቆረጥምህ ሕመም ተሻለህን? ባለቤትህ ፈውዚያስ፣ ልጆችህስ ደኅና ናቸውን? እኛ፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና፣ ደኅና ነን፤ እኔ ግን ከአንድ ወር ወዲህ እህል አልጥም ብሎኛል።

ምክንያቱን ልንገርህ። በጎረቤታችን በሲ ሙንሲፍ ልጅ ሠርግ ላይ ከድምፅ ማጉያው የአባታችን ድምፅ ወጣ። ከሥሩ የማሽን ከበሮ ጨምረውበታል። ከሁለተኛው ስንኝ በፊት ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁና ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። በ1971 በቤታችን ድምፃቸውን በካሴት ሲቀዱ፣ ድምፄ ከቤተሰቤ አይውጣ ብለው እንዳስማሉን አንተም አትዘነጋውም።

ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ያዛወረችው የእህታችን ልጅ ዱጃ ሁለት ቅጂ ብቻ አዘጋጀች፤ አንዱን ለእኔ፣ ሌላውን ለአንተ። እያንዳንዱን በየራሳችን የይለፍ ቃል ቆለፈችው፤ በድምፁም ውስጥ ጆሮ የማይሰማው ምልክት ሸሸገችበት፤ የእኔው አንድ፣ የአንተው ሁለት የሚል። ቁልፉ በሩን ይጠብቃል፣ ምልክቱ ግን ድምፁ ከወጣም በኋላ አብሮት ይሄዳል አለችኝ። ስልሳ ዓመት የማሉፍ ዜማ ያስተማርኩበትን ጆሮዬን ተማምኜ ሦስት ጊዜ አዳመጥኩ፤ ምንም የለም። ይህንኑ ብነግራት፣ «አጎቴ፣ እርስዎ ካገኙትማ ሌባውም ያገኘዋል» ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቱን ልጻፍልህ፤ የጠረጠርኩት አንተን ነው። በልጅነትህ የአባታችንን ዑድ ደብቀህ አውጥተህ ለጓደኞችህ ስትጫወት ተይዘሃል። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ስትመጣም፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ታፍኖ መቅረቱ ግፍ ነው ያልከኝ አንተው ነህ። ስለዚህ በሙዚቃ ክበባችን ሽማግሌዎች ፊት ስምህን ጠርቼ ወነጀልኩህ።

ዱጃ የሠርጉን ቅጂ ወስዳ መረመረችው። ውጤቱን ከመንገሯ በፊት ግን የይለፍ ቃሌን ጠየቀችኝ። አባታችን የሚዘፍኑት የመጀመሪያው ስንኝ ነው አልኳት። «ከተማችን ቴስቱር በሙሉ በቃሉ የሚያውቀውን? ቁልፉን በሩ ላይ ሰክተው ነዋ የተኙት!» አለች። ቅጂዬ ያለበትን ፍላሽ ደግሞ የማስቀምጠው በክበቡ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑን የማይከፍት ሰው የለም። ከዚያች ቀን ወዲህ የእያንዳንዱን ተማሪዬን ፊት አጠናለሁ፤ አንተንም ግን ገና አልማርኩህም።

ቁጥሩን እንድትነግረኝ አልፈቀድኩም። በወረቀት ጽፋ እንድታሽገው አዘዝኳት፤ ሳልከፍተው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ሁለት የሚል ከሆነ ቅደደው፤ ዱጃ አፏን ትይዛለች፤ እኔም ዳግመኛ አላነሣውም። አንድ የሚል ከሆነ ግን ወደ ቴስቱር ይዘኸው ና። ስምህን ባጠፋሁበት ክበብ፣ በእነዚያው ሽማግሌዎች ፊት፣ እኔው ራሴ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።

ለፈውዚያ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ለልጅህ ለሶኒያ፣ ዑዱን አንድም ቀን ሳታጓድል እንድታጠና ንገርልኝ። ወንድሟ ኔጂ ጽፎ የላከው ሰላምታ ደርሶኛል፤ የእጅ ጽሕፈቱን ግን ያስተካክል። ባለቤቴ ሃቢባ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሃለች፤ ከዘንድሮው የወይራ ዘይት የአንተን ድርሻ ለይታ አስቀምጣለች።

ታላቅ ወንድምህ ሸድሊ
ቴስቱር፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2019