ፋርማሲው በር ላይ ዝም ያለው ራዳር ጠቋሚ

ሎርና፣

(ሎርናዬ ብዬ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ።)

ናሽቪል እህቴ ጋ ሄጃለሁ። መኪናው የጋራችን ስለሆነ ትቼልሻለሁ። ፖሊስ ፍጥነት ሲለካ የሚጮኸውን ራዳር ጠቋሚም አልነቀልኩትም። "አጠቃቀሙ አይገባኝም" ስትዪኝ ኖረሻል፣ ይኸው።

የግራውን ቁልፍ ስትጫኚ ድምፁ ይጨምራል፣ የመሃሉን ስትጫኚ ዝም ይላል። ቀስ እያለ ጢጥ ጢጥ ካለ ፖሊሱ ሩቅ ነው። ከተጣደፈ ግን ቶሎ ፍሬን ያዢ። ቨርጂኒያ ስትገቢ ነቅለሽ ደብቂው፣ እዚያ ክልክል ነው።

እናትሽን ልትጠይቂ የምትሄጂ ከሆነ ማለቴ ነው።

የሱቅ አውቶማቲክ በርም ያስጮኸዋል። አንድ ቦታ ደጋግመሽ ከተመላለስሽ ግን ይለምድና መጮኹን ይተዋል።

ክሌይ ቤት አጠገብ ያለው ፋርማሲ ትዝ ይልሻል? የእጮኛዬን ቤት ላሳይሽ አብረን ስንሄድ ጮኾብን በሳቅ ሞተን ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔ እዚያ ደርሼ አላውቅም፣ እሱ ነው የሚመጣልኝ።

ትናንት ሳልነግረው ኬክ ይዤለት ሄድኩ። ፋርማሲው በር ላይ ስደርስ ጠቋሚው ትንፍሽ አላለም።

ማን እንዳስለመደው አልጠይቅሽም። አትደውዪልኝ።

ኬኩ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ለሁለታችሁ ይበቃል።

ዊላ