ላልተወለደ ቄስ የተቀረጸ ሰሌዳ

ለተከበሩ አቶ ቶርኪል ብራምሰን
የስቱዲያ 1893 የተማሪዎች ኳስ ክለብ ሊቀመንበር
ኮፐንሀገን

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት በዝናብ ቆመው አዲሱ ሰሌዳ የሚሰቀልበትን ግድግዳ ሲያስለኩ ከአውቶቡስ መስኮት አይቼዎታለሁና፣ ጉንፋን እንዳይዝዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ድምፅዎ ያስፈልግዎታል። የእኔን ጤና ለማወቅ ቢፈልጉ፣ ሰማንያ አምስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ዓይኔና ትዝታዬ ግን እስካሁን አልከዱኝም። ይህ ለአንዳንድ ሰዎች የማይመች መሆኑን እረዳለሁ።

በሚያዝያ ወር ለሦስቱ ደብዳቤዎቼ በላኩልኝ ባለ አራት መስመር መልስ «ውድ ሪግሞር፣ እንደምን አለሽ» ብለው ስለ ጀመሩም አመሰግናለሁ። እኔና እርስዎ አብረን ፊደል የቆጠርን መሆናችንን ፈጽሞ ረስቼው ነበር። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የማያውቀውን ትልቅ ሰው «አንቺ» ያለ ልጅ መዳፉን ዘርግቶ ማስመሪያውን ይጠብቅ ነበር። ዛሬ አገሩ ሁሉ አንተና አንቺ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ እኔ ግን ከተማርኩት ለመውጣት ጊዜ ስለሌለኝ «እርስዎ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጉዳዬ አንድ ብቻ ነው። ይህ ደብዳቤ በሰፈራችን ጋዜጣም ስለሚወጣ፣ አንባቢዎች ግራ እንዳይጋቡ ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። ቅዳሜ የክለባችን መቶ ሠላሳኛ ዓመት ሲከበር፣ በግንቦት 1955 ክለቡን ወደ ታችኛው ምድብ ከመውረድ ያዳኑት የአሥራ አንዱ ተጫዋቾች ስም በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ ይገለጣል። በግራ ክንፍ አጥቂው ቦታ የሚነበበው ስም «የሥነ መለኮት ተማሪ ኣ. ፍሪስ» ነው። ፍሪስ የሚባል ሰው አልተወለደም። በዚያ ቦታ የተጫወተው፣ ሁለቱንም ጎሎች ያገባው፣ ወንድሜ ኤይናር ራውን ነው። ሥራው ጭስ ማውጫ መጥረግ ነበር። ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው፤ በሕይወትም አለ። የምለምነው፣ ሰሌዳው ከመገለጡ በፊት ያ ስም ወጥቶ የእርሱ ስም እንዲገባ ነው።

ቅሬታዎቼን እንዳይረዝሙብዎ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ መጽሐፉ።

ለበዓሉ ያሳተሙትን የክለቡን ታሪክ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽና አንድ ሺህ አንድ መቶ ስድስት የግርጌ ማስታወሻ ያለውን፣ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። መሥራቾቹ ዘጠኝ የሕግና የሥነ መለኮት ተማሪዎች እንደ ነበሩ፣ ኳሷንም በማደሪያቸው ግቢ በልብስ ማስጫ እንጨቶች መካከል እንደ ጀመሩ በሚያምር ቋንቋ ተጽፏል። ክለባችን በየዓመቱ በጥርና በሰኔ የሚሸነፈው የፈተና ወር ስለ ሆነ መሆኑም በሰንጠረዥ ተደግፎ ቀርቧል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን የተማሪነት ፈተና ያላለፈ ሰው መለያውን እንዳይለብስ የሚከለክለው ሦስተኛው አንቀጽ እስከ 1961 መጽናቱም አልተዘለለም። የተዘለለው ወንድሜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ1953 ጥር፣ ሁለት የሥነ መለኮት ተማሪዎች ሰኞ የግሪክኛ ፈተና ስላለባቸው እሑድ አንጫወትም አሉ። በሌላ ክለብ ቢሆን እግራቸውን አስረው ሜዳ ባወጧቸው ነበር። በዚህ ክለብ ግን ለግሪክኛ የቀረን ሰው ማንም ቀና ብሎ አይናገረውም። ኤይናር በዚያ ሰሞን የማደሪያውን ጭስ ማውጫ ጠርጎ ሲወርድ፣ እግሩ ሥር የመጣችለትን ኳስ በእንጨት ጫማው መትቶ የሁለተኛው ፎቅ መስኮት ውስጥ ከተታት።

«አንተ ጥላሸት! እስቲ ድገመው!» አሉት ተማሪዎቹ።

«በተከፈተው ነው በተዘጋው መስኮት?» ብሎ መለሰ።

የያኔው የክለቡ ጸሐፊ፣ የሕክምና ተማሪው አስገር ቱክሰን፣ «እሑድ ና፤ ጫማም ስምም እናውስሃለን» አለው። ጫማውን በየሳምንቱ ያስመልሱት ነበር። የተዋሰው ስም ፍሪስ ነው። አራት ዓመት ተጫወተበት። በግንቦት 1955 ከመርከብ ሠሪዎቹ ቡድን ጋር በተደረገው የሞት ሽረት ጨዋታ ሁለት ለአንድ ስናሸንፍ፣ ጋዜጣው «መጪው ቄሳችን ሰይጣን ከኋላው ያለ ይመስል ይሮጥ ነበር» ብሎ ጻፈ። እናታችን ቆርጣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠችው። ለጎረቤት ግን ማሳየት አልቻለችም።

በ1957 ክለቡ ወንድሜን ከቡድኑ ሲያስወጣው፣ ቱክሰን በክለቡ ወርኃዊ ወረቀት ላይ «ወንድማችን ፍሪስ ግሪንላንድ ቄስ ሆኖ ተመድቧል» ብሎ ቀለደ። የእርስዎ ታሪክ ጸሐፊ ይህችን ቀልድ አግኝተው ሦስት ገጽ አድርገዋታል። ፍሪስ በበረዶው አገር ሠላሳ ዓመት እንዳገለገለ፣ ምእመናኑም እንደ ወደዱትና በ1988 እንዳረፈ በአሥራ አራት የግርጌ ማስታወሻ ተረጋግጧል። ያልተወለደን ሰው ለመቅበር ይህን ያህል የተደከመበት መጽሐፍ አላውቅም፤ ለትጋታቸው ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ፎቶግራፉንም አልረሳሁትም። ገጽ 229 ላይ አሥሩ ተጫዋቾች ፈተናውን ያለፈ ብቻ የሚደፋውን ነጭ የተማሪ ቆባቸውን ደፍተዋል፤ አሥራ አንደኛው ባዶ ራሱን ነው። ከሥሩ «ፍሪስ፣ በተፈጥሮው ትሑት፣ ቆቡን አውልቆ» ይላል። ወንድሜ ቆቡን አላወለቀም። ቆብ አልነበረውም።

፪. ስለ ማስረጃው።

በመጋቢት ከብስኩት ቆርቆሮዬ ጋር ቢሮዎ ስመጣ ወንበር ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። የጋዜጣውን ቁራጭ፣ ፎቶግራፉንና የኤይናርን የሥራ ደብተር ጠረጴዛዎ ላይ ዘረጋሁ። እርስዎም «የኔ እናት፣ እኔ እኮ አምንሻለሁ! ግን የክለቡ መዝገብ ፍሪስ ካለ ፍሪስ ነው። እኛ የተማሪ ክለብ ነን፤ በወሬ አንሠራም» አሉኝ። እናትዎ አለመሆኔን በወቅቱ ስላላረምኩ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ቀጥለውም ያሉትን ቤቴ እንደ ገባሁ ጽፌዋለሁ፤ «በዚያን ጊዜ የተጻፈ፣ የፍሪስንና የኤይናርን ስም አንድ ላይ የሚያነሣ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አምጪልኝና ሰሌዳውን በገዛ እጄ እለውጠዋለሁ።»

ዶክተር ቱክሰን ዛሬም በሕይወት አሉና ደወልኩላቸው። «ሪግሞር፣ ዘጠና ሁለት ዓመቴ ነው። መዝገብ አጭበረበረ ተብዬ ነው የምሞተው? ተይኝ በናትሽ» ብለው ስልኩን ዘጉት። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን ሲያክሙ የኖሩ ሰው ናቸው።

፫. ስለ ስም ጥሪው።

የክለባችንን ልማድ ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል፤ ለአንባቢ ስል ግን እጽፈዋለሁ። በየአሥር ዓመቱ፣ እንደ ጥንቱ የተማሪ ማደሪያ ሥርዓት፣ የተከበሩት ተጫዋቾች ስም አንድ በአንድ ይጠራል። በሕይወት ያለው ተነሥቶ «አለሁ» ይላል። ለሞተው ግን አባላቱ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ከዕረፍት አልተመለሰም» ብለው ይመልሱለታል። ሥርዓቱ ያምራል፤ ብዙ ጊዜም አስለቅሶኛል።

ለወንድሜም የጥሪ ወረቀት ልከውለታል። «ለሰፈራችን የረጅም ዘመን ደጋፊ» ይላል፤ ከአንድ ቋሊማና ከአንድ ቢራ ኩፖን ጋር። መቀመጫው ሦስተኛው ረድፍ ነው። ቅዳሜ እዚያ ተቀምጦ የተጫወተበት ስም ይጠራል፤ ሦስት መቶ ሰውም ከግራና ከቀኙ ሞቷል ብሎ ይመልስለታል።

ኤይናር በመጀመሪያ ግድ አልሰጠውም ነበር። «ተይው እቴ፣ ኳሷ ገብታለች። መረቡ ማን ነህ ብሎ አልጠየቀኝም» ይለኝ ነበር። በነሐሴ ግን ሳንባው ባሰበትና ሐኪሙ ገናን እንደማያይ ነገረን። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት፣ በአረጋውያን መኖሪያው መስኮት የክለቡን ሜዳ እያየ ጠየቀኝ። «ቅዳሜ ፍሪስ ሲሉ እኔ ምን ልበል?»

«ምን ማለት ፈለግህ?» አልኩት።

«አለሁ ብል ዋሸሁ። ዝም ብል ሞትኩ። አንቺ የተማርሽው ንገሪኛ!»

ክቡር ሊቀመንበር፣ በክፍሌ አንደኛ እየወጣሁ ነው ያደግሁት፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አጣሁ። እርስዎ ካለዎት በጽሑፍ እንዲያደርሱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ። ሲጻፍ ግን በእርስዎ ላይ የሚቀርብ ሆኖ አላገኘሁትምና ቁጥር አልሰጠሁትም።

በመጽሐፉ ገጽ 233 ላይ፣ ፍሪስ ከቡድኑ የወጣበትን ምክንያት ሲያብራሩ፣ በ1957 መስከረም ለክለቡ ቦርድ ስለ ደረሰ ፊርማ የሌለው ደብዳቤ ይጠቅሳሉ። ታሪክ ጸሐፊዎ «ከተቃራኒ ቡድን የመጣ የፈሪ ወረቀት» ይሉታል። በግርጌ ማስታወሻውም «ስም ማጥፋት ስለ ሆነ ይዘቱ ሊጠቀስ አይገባም» ብለዋል። አንድ እርማት አለኝ። ከተቃራኒ ቡድን አልመጣም። የፈሪ ነው ያሉት ግን ትክክል ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ እማር ነበር። እዚያ መጀመሪያ የሚያስተምሩት፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው ካልተስማሙ ሰው እንደሚሞት ነው። ወንድሜ ጎል ባገባ ቁጥር ሌላ ሰው ሲመሰገን ማየት አንገሸገሸኝ። ስለዚህ ለቦርዱ «ፍሪስ የሚባል የለም፤ የሚጫወተው ጭስ ማውጫ ጠራጊው ኤይናር ራውን ነው፤ ስሙን አስተካክሉ» ብዬ ጻፍኩ። የተሳሳተ ጽሑፍ ሲጠቆም ጽሑፉ ይታረማል ብዬ ነበር። እነርሱ ጠርሙሱን ጣሉት። በሚቀጥለው እሑድ ኤይናር ቦርሳውን ይዞ ሄደ፤ ከመልበሻው ክፍል በር መለሱት። ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ የጠቆሙበት እነርሱ መስለውት፣ መርከብ ሠሪዎቹን ሲረግም ሰምቻለሁ። አንድም ቀን አላረምኩትም። ሌላውን ሰው ሁሉ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ።

ይህ ደብዳቤ ከመታተሙ በፊት ከእኔ መስማት ስላለበት ማክሰኞ ነገርኩት። ምሳውን እየበላ ነበር፤ ጥቁር ዳቦና የሄሪንግ ዓሣ።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ገና ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር እኮ፣ ሪግሞር» አለና ሳህኑን ገፋ።

ትናንት ስሄድ ነርሷ በሩ ላይ አቆመችኝና ዓይኔን ሳታይ፣ «እኅቴ ከሆነች ተኝቷል በያት» እንዳላት ነገረችኝ። ከበሩ በኩል ሲያስል ሰማሁት። ለቅዳሜ ነጭ ሸሚዙን እንዳስተኮሰና የሚወስደው መኪና እንዳዘዘም ነግራኛለች። ይመጣል ማለት ነው። እኔም እመጣለሁ፤ ከጎኑ ያስቀምጠኝ እንደ ሆነ ግን አላውቅም።

እንግዲህ እኔ ለበደልኩት የሚጠይቀኝ እርሱ ነው፤ ምሕረቱን ከእርስዎ አልጠብቅም። ከእርስዎ የምጠብቀው አንድ ስም ነው። ላልተወለደው ቄስ ያሳዩትን ፍቅር በሕይወት ላለ ጭስ ማውጫ ጠራጊ ለአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲያውሱት፣ ለተከበረው ቦርድዎና ለአንድ ሺህ አንድ መቶ ስድስቱ የግርጌ ማስታወሻዎች ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በትሕትና እለምናለሁ።

ታዛዥዎ ለመሆን ዕድሜዬ የማይፈቅድልኝ፣

ሪግሞር ራውን
(በዚህኛው ላይ ፈርሜአለሁ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጠየቁኝ ብጣሽ ወረቀት ያ ፊርማ የሌለው ደብዳቤዬ ነው፤ የገጽ 233 ግርጌ ማስታወሻ እንደሚለው በእርስዎው መዝገብ ቤት፣ 1957 ተብሎ በተጻፈበት ሣጥን ውስጥ፣ እኔ እንዳጠፍኩት አራት ቦታ ታጥፎ ተቀምጧል። ሁለቱ ስሞች አንድ መስመር ላይ ናቸው። የእጅ ጽሕፈቱን ለማመሳከር ቢፈልጉ፣ የዚህን ደብዳቤ በእጄ የተጻፈ ቅጂ ከጽሕፈት ቤትዎ በር ሥር አስገብቻለሁ። ሰሌዳውን የሚቀርጹትን ባለሙያም ጠይቄአቸዋለሁ፤ አንድን ስም ፍቆ ሌላ ለመቅረጽ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል ብለውኛል። ዛሬ ሐሙስ ነው።