ድምፅ ይቅደም

ግንቦት 3
እንደተለመደው። ሁለት ፕሪንተር ጠገንኩ። ከሰዓት አስተናባሪዋ ሰብለ ከችሎት አዳራሹ እየሮጠች መጣች። "ቢሆነኝ፣ ድምፁ ዛሬም ይቆራረጣል።"
ሄድኩ። እማማ እታለም ስክሪኑ ፊት ቆመዋል፤ ለመሬታቸው ይግባኝ ከፈረስ ቤት ፍኖተ ሰላም ድረስ የመጡ። ዳኞቹ አዲስ አበባ ናቸው። "አልተሰማም፣ ይድገሙት..." ደገሙት። አልተሰማም። ለሰኔ 2 ተቀጠረ። መሬቱ ታግዶ ጦም እያደረ ነው፤ ያኔም ካልተሰሙ ችሎቱ ለክረምት ይዘጋል፣ ዘርም ያልፋቸዋል።
"እኔስ ተናግሬያለሁ ልጄ" አሉኝ ሲወጡ።
የኢንተርኔት መሥመራችን አንድ ቀጭን ነው፤ የችሎት አዳራሹም የሚጠቀመው በእሱ ነው። ቢሮው የሚያየው ፊልም፣ ደብዳቤው፣ የእማማ ድምፅ በአንድ በር ይጋፋሉ። መሥመሩን ለየክፍሉ የሚያከፋፍለው ስዊች ላይ ወረፋ ማስያዝ ይቻላል፤ ድምፅ ይቅደም፣ ፊልም ይጠብቅ። የግማሽ ሰዓት ሥራ።

ግንቦት 5
ለኃላፊያችን ለአቶ ክንፈሚካኤል ነገርኳቸው። "ጥሩ ሐሳብ ነው። ማን እንደሚቀድም ግን በስብሰባ ይወሰናል።"
አለቀልኝ።

ግንቦት 11
ስብሰባ። ድምፅ መጠበቅ አይችልም፣ ፊልም ይችላል ብዬ አስረዳሁ። ማን ሰምቶ... እንደ ሠርግ ቤት በየማዕረጋቸው ተደረደሩ። ኃላፊው አንደኛ ወረፋ። ምክትሉ "እኔስ?" ፋይናንስ "እኛስ?" ሁሉም አንደኛ ገባ። ታዲያ ወረፋው ምኑ ላይ ነው? የችሎት አዳራሹስ ስላቸው "እሱ የእኛ አይደለም፣ መጨረሻ ይሁን።" ቃለ ጉባኤ ተፈረመ። እንዳሉኝ አስተካከልኩት። ባሰበት።

ግንቦት 20
በዓል። ከሰልፍ መልስ ከሰብለ ጋር አዳራሹን ሞከርነው፤ ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬ ሰማን። ቢሮው ባዶ፣ ድምፁ ጥርት ያለ። ለካ ሰው ሲጠፋ ይሠራል...

ሰኔ 1
እማማ እታለም መጥተዋል። "ነገ ጮክ ልበል ልጄ?"
"አይጩሁ። እንደሁልጊዜው ይናገሩ።"
ምን አስቀባጠረኝ? በራሴ ላይ ዕዳ አመጣሁ።

ሰኔ 2
ጠዋት ሰው ሳይገባ ቃለ ጉባኤውን ትቼ ድምፅን አስቀደምኩ። ሌላው ሁሉ ከኋላ። ዳኛው "በግልጽ ይሰማል፣ ይቀጥሉ" አሉ። ቀጠሉ... ደስ አለኝ።
መሀል ላይ አቶ ክንፈሚካኤል መጡ። "ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ። አንደኛ አልነበርኩም?"
"እማማ እታለም እየተናገሩ ነው። ይጠብቁ።"
እንዴት ከአፌ ወጣ? ጠበቁ።

ሰኔ 11
እግዱ ተነሣ። ሰብለ እንደሰማችው ማሳው መታረስ ጀምሯል። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ስዊቹን በቃለ ጉባኤው መሠረት እንድመልስ።
እመልሳለሁ አልኳቸው። መቼ እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።